ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጠይቁኝ

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ምሳ ሰዓቴ ነው፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለ አጠረው መልስ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱን ያቆማል። ከዚያ ሕመሙ ይነሳበታል።
አትቆጪው፣ መጀመሪያ ለምን እንዳቆመ ጠይቂው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው። ሃሎፔሪዶል ሰውነት ግትር ያደርጋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ኦላንዛፒን ያወፍራል። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ኪኒን መዋጥ ካሰለቸው በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ መርፌም አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ "ፀበል ይበቃዋል" ትላለች።
ከእማማ ጋር አትጣላ። ፀበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። ኪኒኑን በኪሱ ይዞ እንጦጦ የሚወጣ ሞልቷል። እኔ የምለምነው እንዳይታሰርና እንዳይመታ ነው። ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ አይዋል። ሰውነቱ ሲደርቅ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይበዛና ይመርዘዋል። ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

ጥያቄ፦ የግድ አማኑኤል መሄድ አለብን? ሰፈር ያወራል።
"አማኑኤል ግባ" ስድብ የሆነበት ከተማ ነው፣ ይገባኛል። ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። አማኑኤል ግን ለአሥርት ዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ያለ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ጫትስ?
ይቅርበት። እንቅልፍ ይነሳዋል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

ጥያቄ፦ ለእሱ ብቻ ይሰማው የነበረው ድምፅ ጠፍቶለታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ገላውንም አይታጠብም። ሰነፈ?
አልሰነፈም። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም የሌለ ድምፅ ማሰማት ብቻ አይደለም ሥራው፤ የመነሳት ፍላጎትንም ይወስዳል። ድምፁ ከጠፋ በኋላ እንኳ ይህ ሊቆይ ይችላል፤ ቤተሰብን የሚያናድደውም ይሄኛው ነው። መድኃኒቱም ሊያስተኛ ስለሚችል በቀጠሮው ቀን ጉዳዩን ለሐኪሙ አንሱት። "ተነስ ሥራ ፈልግ" አትበይው። ጠዋት አብራችሁ ዳቦ ግዙ። ሳምንት ካለፈ ብቻውን ላኪው። ቡና ሲፈላ እሱ ይቁላ። ያረረ ቡና ጠጥቼ አውቃለሁ፣ አይገድልም።

ጥያቄ፦ "ድምፁ ራስህን ግደል ይለኛል" አለን።
ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እስክትደርሱ ብቻውን አትተዉት፣ ኪኒኖቹንም ደብቁ።

ጥያቄ፦ 6 ዓመት ብቻዬን አስታመምኩ። ደከመኝ።
የኔ እህት፣ አንቺ ብትታመሚ ቀጠሮውን ማን ያደርሳል? ዛሬ ያንን ሰው ምረጪ። የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት ጽፈሽ ስጪው። በሳምንት ግማሽ ቀን እሱ ይቀመጥ፣ አንቺ ውጪ። የት እንደምትሄጂ ለማንም አታስረጂ።

ማኪያቶው ቀዝቅዟል። የቀሩትን ማታ እመልሳለሁ።