ዳኛው ከመኪናው ሥር ሲገባ፦ ስለ ሆት ሮድ ውድድር ጥያቄና መልስ

ሙያዬን የጀመርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ባትላሜራ ነበርኩ። ካሊፎርኒያ ከመጣሁ ወዲህ ለውድድር የሚዘጋጁ ሆት ሮዶች፣ ማለትም እንደ አዲስ ታስበው የተለወጡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እሠራለሁ። ውድድሩ የፍጥነት ሳይሆን የውበትና የሥራ ጥራት ነው። የእኔ ድርሻ ላሜራውና ቀለሙ ነው። ሰሞኑን "ስለ ዳኝነቱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆት ሮድ ማለት አሮጌ መኪና ማደስ ነው?

አይደለም። ማደስ ማለት መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስ ነው። ሆት ሮድ የሚሠራ ሰው ግን ፋብሪካው ያላሰበውን ነው የሚያስበው። ነገሩ የተጀመረው በወጣቶች ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ። ክብደት እንዲቀንስ ፓራፋንጎውን ይነቅላሉ፣ ሞተሩን ያጠነክራሉ፣ ከዚያ ደረቅ ሐይቅ ላይ ወጥተው ይሽቀዳደማሉ። ፎርድ በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለውን ቪ8 ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ሲገጥም ደግሞ ነገሩ ተቀጣጠለ። ያ ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ለጊዜው ግን ብዙ ነው። የ1932 ፎርድ እስከ ዛሬ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ተነስቶ "ዱስ" (ሁለት) ይባላል።

ትልቁ ውድድር የቱ ነው?

ሁለት ናቸው፤ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር አያልቅም።

አንደኛው ግራንድ ናሽናል ሮድስተር ሾው ነው። በ1950 ኦክላንድ ውስጥ ተጀመረ፤ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ፖሞና ከተማ ነው የሚካሄደው። ዋናው ሽልማት "የአሜሪካ እጅግ ውብ ሮድስተር" ይባላል። ዋንጫው ቁመቱ 9 ጫማ ገደማ ስለሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው ልጅ ይመስላል። የመጀመሪያው አሸናፊ የቢል ኒካምፕ የ1929 ፎርድ ነበር። ሮድስተር ማለት ቋሚ ጣሪያም፣ ወደ ላይ የሚወጣ የበር መስታወትም የሌለው መኪና ነው።

ሁለተኛው የዲትሮይት አውቶራማ ነው፤ ከ1953 ጀምሮ አለ። ሽልማቱ ሪድለር ይባላል። ዶን ሪድለር ዝግጅቱን ያስተዋውቅ የነበረ ሰው ነው፤ ሽልማቱ ለመታሰቢያው ከ1964 ጀምሮ ይሰጣል። እዚያ ሮድስተር ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ዓይነት መኪና ይገባል። መጀመሪያ ስምንት መኪናዎች ይመረጣሉ፣ "ታላላቆቹ ስምንት" ይባላሉ። ከዚያ እሑድ ማታ አንዱ ይጠራል። ከስምንቱ መግባት ራሱ ለብዙ ጋራዥ የዕድሜ ልክ ክብር ነው።

ዳኞቹ ምን ምን ያያሉ? "ቆንጆ ነው" ብሎ ነጥብ መስጠት ይቻላል እንዴ?

ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ይሄንን ነው።

አካሉ፣ ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ ውስጡ እና ከሥር ያለው ሁሉ ለየብቻ ይታያል። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለ። ምን ለወጥክ? የለወጥከውንስ እንዴት አድርገህ ሠራኸው? አንድ ሰው ብዙ ነገር ለውጦ ሥራው የተዝረከረከ ሊሆን ይችላል። ሌላው ጥቂት ለውጦ እንከን አይገኝበትም።

ዳኛ የእጅ ባትሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ባትሪውን በቀለሙ ላይ አጋድሞ ያበራል። የብርሃኑ መስመር ቀጥ ብሎ ከሄደ ላሜራው ቀጥ ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ከሥሩ ሞገድ አለ ማለት ነው። ቀለም ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ይህን አይደብቅም። እንዲያውም ጥቁር ቀለም ያጋልጣል። ጥቁር መኪና ይዞ ውድድር የሚገባ ሰው በላሜራው ይተማመናል ማለት ነው፤ እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ቀጥሎ የበርና የኮፈን ክፍተት ነው። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው መስመር ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ወር ይበላል። የድሮ ፎርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍተቱ እኩል አልነበረም። ስለዚህ የበሩን ጠርዝ በብየዳ እየሞላን በሞረድ እናስተካክላለን። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቀለም ውፍረት አለው። ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር፣ ቀለሙና ከላይ የሚለብሰው ብርሃን አስተላላፊ ክሊር ሲደራረቡ ክፍተቱ ይጠባል። ላሜራው ባዶ ሳለ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መተው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መኪናው ማቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ያስተካከልከው ክፍተት ጎማው መሬት ሲረግጥ ይዛባል። ሞተሩ ሲገባ ደግሞ ሻሲው ትንሽ ይጎብጣል። ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ ነው መለካት ያለበት።

ብሎኖችም ይታያሉ። ጭንቅላታቸው በአንድ አቅጣጫ የቆመ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ። ሽቦ ሲሄድ የተደበቀ፣ የፍሬን ቱቦ ሲታጠፍ ጎን ለጎን ካለው ቱቦ ጋር እኩል የታጠፈ። ተራ ተመልካች ይህን አያየውም። ዳኛው ግን ሌላ ሥራ የለውም።

ከሥር ያለው ለምን ይቆጠራል? ማን ያየዋል?

ይህ የቆየ ወግ ነው። ብላኪ ጌጂያን የሚባል የፍሬዝኖ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ የሮድስተሩን የሥር ክፍል በክሮም አስለበጠው። ኦክላንድ ሲመጣ ግን ከሥር ያለው አይታይም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መኪናውን በጎኑ አጋድሞ ለሕዝቡ አሳየ! በ1955 ዋናውን ሽልማት ከሌላ መኪና ጋር እኩል ወጥቶ ተካፈለ። ዛሬ ማጋደል የለም፤ መኪናውን ከፍ አድርገን ከሥሩ መስታወት እናነጥፋለን። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ያልታየ ሥራ ነጥብ አያገኝም።

ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ገንዘብ ያለው አይደለም እንዴ የሚያሸንፈው? (አንድ አባት ከሲያትል)

አባቴ፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ። ገንዘብ ያስፈልጋል። እዚህ ደረጃ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣባቸው መኪናዎች አሉ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከፋይ ነው፤ ሠሪው ሌላ ነው። ይህ የሚያሳዝናቸው ሰዎች አሉ፣ እኔም ስሜታቸው ይገባኛል።

ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው መኪናዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መኪናው አንድ ሰው ያሰበው አይመስልም። ቸርኬው የአንድ ዘመን፣ ዳሽቦርዱ የሌላ ዘመን፣ መቀመጫው ደግሞ ከካታሎግ የተገዛ። እያንዳንዱ ለብቻው ውድ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይግባቡም።

ቺፕ ፉዝ የሠራውን "ኢምፕሬሽን" የተባለ የ1936 ፎርድ ይመልከቱ። በ2005 ዲትሮይት ላይ ሪድለርን አሸነፈ። የመኪናው መስመር ከፊት መብራቱ ተነስቶ እስከ ኋላ ሳይቆረጥ ይሄዳል። ምኑ እንደተለወጠ ለማወቅ ከፋብሪካው መኪና ጎን ማቆም ያስፈልጋል። እሱው በ2015 ሪድለርን ሲያሸንፍ ያቀረበው "ኢምፖስተር" ደግሞ ከላይ የ1965 ኢምፓላ ነው፤ ከሥሩ ግን ኮርቬት። ስሙ ራሱ አስመሳይ ማለት ነው። ኢምፓላ ረጅም መኪና ነው፣ ኮርቬት አጭር። ሁለቱን አጋብቶ ዓይን እንዳይጠረጥር ማድረግ በገንዘብ ብቻ አይገዛም። ለእኔ ጥሩ ዳኝነት ማለት ይህንን የሚያይ ነው።

መኪናው ከዚህ በፊት መታየት የለበትም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለሪድለርም ለፖሞናውም ዋና ሽልማት መኪናው እዚያው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው። ሌላ ውድድር ላይ ከቀረበ አለቀ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጆርጅ ባሪስ የሠራው "አላ ካርት" በ1958 እና በ1959 ተከታትሎ አሸንፏል። የዛሬው ደንብ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ላይ ያንጠለጥላል። ለዚህ ነው ከዝግጅቱ በፊት ያሉት ሳምንታት እንቅልፍ የሌለባቸው። ባለትዳሮችን ይጠይቋቸው።

እነዚህ መኪናዎች ይነዳሉ ወይስ ተሳቢ ላይ ነው የሚኖሩት?

ብዙዎቹ ተሳቢ ላይ ይኖራሉ፤ መዋሸት አልችልም። ግን ለፖሞናው ዋና ሽልማት መኪናው በራሱ ሞተር ተነስቶ መንቀሳቀስ እንዳለበት ደንብ አለ። ጉድጋይስ የተባለው ድርጅት "የዓመቱ ስትሪት ሮድ" ብሎ ሲሸልም ደግሞ ተወዳዳሪዎቹን መንገድ ላይ አውጥቶ ያስነዳል። እኔ ይህን በጣም እደግፋለሁ። ፍሬን የማይዝ ወይም በሙቀት የሚቆም መኪና ቀለሙ ቢያምርም ያላለቀ ሥራ ነው።

አድልዎ የለም?

ሰው ነው የሚዳኘው፤ ምርጫ ይለያያል። አንዱ ዳኛ የድሮውን ዘይቤ ይወዳል፣ ሌላው አዲስ ነገር ይፈልጋል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሴማ የተባለው የመኪና መለዋወጫና ማሻሻያ ነጋዴዎች ማኅበር ከ2014 ጀምሮ በሚያካሂደው የሠሪዎች ውድድር መጨረሻ የደረሱት ሠሪዎች ራሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ባልደረባ ባልደረባን ሲዳኝ ማታለል ይከብዳል። የዱሮ የቅንጦት መኪናዎች የሚወዳደሩበት ፔብል ቢችም በ1997 ለታሪካዊ ሆት ሮዶች ምድብ ከፍቷል። ያን ዓመት ያሸነፈው የዶን ስፔንሰር የ1932 ፎርድ ነበር። የጋራዥ ልጆች መኪና ከሮልስ ሮይስ ጋር አንድ ሣር ላይ ሲቆም ብዙዎች አልቅሰዋል ቢባል አይገርመኝም።

አንተ ራስህ የተቆጨህበት ውድድር አለ?

አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ መኪና ላይ ሁለት ዓመት ሠራን። የጭስ ማውጫውን ቱቦ በሻሲው ውስጥ አሳልፈን ደበቅነው። ከውጭ ምንም አይታይም፤ በጣም ኮራንበት። ውድድሩ ላይ የለወጥከውን ነገር የምትዘረዝርበት ቅጽ ይሰጣል። ቅጹን የሞላነው ሌሊት ላይ፣ ደክመን ነው። ያንን ሥራ ረሳነው። ዳኛው ባትሪውን አብርቶ አለፈ፤ እኛም አጠገቡ ቆመን ዝም አልን። ማታ ነው ትዝ ያለን። ጥፋቱ የዳኛው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንጀምር ግድግዳ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን፤ የለወጥነውን በለወጥንበት ቀን እንጽፋለን።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ሌላ ነገር አያወራም። ምን ላድርግለት? (አንዲት እናት ከቨርጂኒያ)

እህቴ፣ አትቆጪው። መጀመሪያ አካባቢያችሁ ያለ ትንሽ የመኪና ዝግጅት ውሰጂው። በሪድለር አትጀምሩ። ለትናንሽ ውድድሮች ብዙ ምድብ አለ፣ ባለመኪናዎቹም ልጅ ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ይግባ። የሚሰጡት ሥራ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መፈግፈግ ይሆናል። አሰልቺ ነው። ሦስት ወር ከቆየ ግን እጁ ዓይኑ የማያየውን ጉድጓድ ማግኘት ይጀምራል። ብየዳውን ኮሌጅ ውስጥ ቢማረው ደግሞ ሆት ሮድ ባይሆንለትም እንጀራ ይበላበታል።

አዲስ አበባ ባትላሜራ ነኝ። እዚያ ደረጃ መድረስ እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ተነካ። የተጨማደደ ኮሮላ በመዶሻና በእጅ ብቻ ቀጥ ስታደርግ የምትጠቀምበት ዓይን እዚህም የሚፈለገው ዓይን ነው። እዚህ ያሉ ብዙ ወጣቶች ላሜራውን ቆርጠው አዲስ ይገጥማሉ እንጂ እንዳንተ አይመልሱትም። የሚጎድልህ መሣሪያና ጊዜ ነው። ላሜራ በሁለት የብረት መዘውር መካከል እያሳለፈ የሚያጎብጥ ማሽን እዚህ የማይጠፋ ነው፤ አንተ ጋ ላይኖር ይችላል። የቀለም ክፍሉም አቧራ የማይገባበት መሆን አለበት። ደንበኛህም "ነገ አድርስልኝ" ይልሃል።

እስከዚያ ግን አንድ ነገር ሞክር። አንድ አሮጌ ኮፈን ውሰድ። ስቱኮ ሳትቀባ በመዶሻ ብቻ የምትችለውን ያህል ቀጥ አድርገው። ፕራይመር ቅባና ማታ መብራት አጥፍተህ ባትሪህን አጋድመህ አብራበት። ሞገዱን በጠመኔ ምልክት አድርግበትና እንደገና ጀምር። ሦስተኛው ዙር ላይ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የማየውን እነግርሃለሁ።