ትንሽ አውሮፕላን ተነስታ ወዲያው ለምን ትወድቃለች? ጥያቄና መልስ ከጅማ

መካኒኩ፦ እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው የጀመርነው ወሬ ጥያቄ ስለበዛበት ዛሬ እመልሳለሁ። ላልሰማ ሰው፦ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቼየን ከምትባል ከተማ አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሴስና የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተነስታ ወዲያው ወደቀች። መብረር የምትማር የ7 ዓመት ልጅ፣ አባቷና አስተማሪዋ አብራሪ ሞቱ። እኔ ዕድሜዬን ሞተር ስፈታ ነው የኖርኩት። ስለ ሞተር፣ ስለ አየርና ስለ ጭነት ጠይቁኝ።

ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው?

መካኒኩ፦ አይደለም።

ከቆጪ፦ ታዲያ ምን ጣላት?

መካኒኩ፦ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ቼየን ከባሕር ወለል በላይ 1,870 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኛው የጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ 1,700 ገደማ ነው። ብዙ አይራራቁም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ያኔ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ጅማ ላይ 28 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኗ 2,500 ሜትር ላይ እንዳለች ነው የምትሆነው። ከቦሌ በላይ ማለት ነው! መንደርደሪያው ያጥርባታል፣ ብትነሳም ከፍ ማለት ያቅታታል። የቼየኗ ሴስና ከሚፈቀደው ክብደት 40 ኪሎ ገደማ አልፋ ነበር። ነጎድጓድና ዝናብም እየመጣ ነበር። አስተማሪው ደግሞ እንዲህ የሳሳ አየር አለመደም። ስለዚህ ጭነቱን መዝኑ፣ በጠዋት ተነሱ።

ከአጂፕ፦ 40 ኪሎ ምን አላት? አንድ ጆንያ ቡና እንኳ አትሞላም። አይሱዙ ስንት ኩንታል ትርፍ ጭኖ የአጋሮን መንገድ ይወጣል።

ከመንቲና፦ ይወጣል ትላለህ? ስንቱ ገደል ገብቷል!

ከአጂፕ፦ እሱ የፍሬን ነገር ነው።

ከመንቲና፦ ፍሬኑን ማን አቃጠለው? ጭነቱ አይደል እንዴ!

መካኒኩ፦ ተዉ እንጂ! አይሱዙ ሲደክመው ማርሽ ትቀንሳለህ፣ እምቢ ካለም ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሰማይ ላይ ዳር የለም። ጭነቱን መዝኑ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን አደጋስ ጋሼ? ርግብ ነው ይባላል።

መካኒኩ፦ እሱ ሌላ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ሲነሳ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ከ104 ሰው 35ቱ አለቁ። ነፍስ ይማር። ወደ ትንሿ እንመለስ።

ከቢሺሼ፦ ሞተር ቢጠፋ ለምን ዞሮ አያርፍም?

መካኒኩ፦ የኔ ልጅ፣ ስንቱን አብራሪ የበላው ይሄ ሐሳብ ነው። ለመዞር ክንፍ ማዘንበል አለ። ከፍታህን ሳትለቅ 60 ዲግሪ ካዘነበልክ፣ ላለመውደቅ የሚያስፈልግህ ፍጥነት 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሞተሩ ከከዳህ ያንን ከየት ታመጣለህ? ክንፉ አየሩን ይለቃል። ስቶል የምንለው እሱ ነው። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ለማቃናት ጊዜ የለህም። ቼየንም ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ነው ፍጥነት ያጠራት። ሞተር ከጠፋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርገህ ፊት ለፊትህ ያለው ሜዳ ላይ ውረድ። የበቆሎ ማሳም ቢሆን።

ከሄርማታ፦ ጥቁር ሳጥኗ ተገኘ?

መካኒኩ፦ ትናንሾቹ አብዛኞቹ የላቸውም።

ከጅሬን፦ ግን ሞተሩ ነው አይደል?

መካኒኩ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ እንጂ።

ከጅሬን፦ እሺ፣ ግን ጥፋተኛው አባትየው ነው። ሕፃን ልጅ መሪ ያስይዛሉ?

ከመንቲና፦ የሞተ ሰው አይወቀስም፣ ተው።

መካኒኩ፦ ስለ ቤተሰቡ አልመልስም። ለበረራው ኃላፊው አስተማሪው ነበር። ምርመራ የሚደረገው ሌላው እንዳይሞት ነው።

ከቆጪ፦ በትንሽ አውሮፕላን መሄድ ያሰጋል ወይ?

መካኒኩ፦ እንዲህ በደፈናው አትጠይቀኝ። ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጭና?

ከቆጪ፦ ከጅማ። አራት ሰው ከነሻንጣው። ቀን 8 ሰዓት።

መካኒኩ፦ ሻንጣውን መዝነሃል?

ከቆጪ፦ አልመዘንኩም።

መካኒኩ፦ መዝን። ሰዉንም አንድ በአንድ። በረራውንም ለጠዋት 1 ሰዓት አድርገው።