የሚወዱትን ልብ ወለድ በምን ያውቁታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በባንክ የምሠራ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። ልጆቼ ከፍ ከፍ ካሉልኝ ወዲህ ወደ ንባብ ተመልሼ ባለፈው ክረምት ሦስት ረጃጅም ልብ ወለዶች ይዤ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እያለቀስኩ የጨረስኩትን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ሳነበው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር እንደ ድሮው አላንሰፈሰፈኝም፤ ይልቁንም ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር የገጠሙትን ጠብና የጉዱ ካሣን ንግግር እየመላለስኩ አነበብኩ። «ኦሮማይ»ን ከጀመርኩት በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ነው የጨረስኩት። «አደፍርስ»ን ግን ደጋግሜ ብጀምረውም መሐሉ ሳልደርስ ተውኩት። ከዚህ ተነሥቼ «የምወደው የፖለቲካ ልብ ወለድ ነው» ብዬ ደመደምኩና በዚሁ ዙሪያ የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍት ገዛሁ፤ አንዱም አልያዘኝም። የምወደውን በምን ልወቅ? ባልደረቦቼ ታላቅ ሥራ ነው የሚሉትን «አደፍርስ»ን አለመውደዴስ የንባብ አቅሜን ማነስ ያሳያል?
አንባቢዎ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ስለ ሦስቱ መጻሕፍት የጻፉልን ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የማልስማማው በመደምደሚያው ብቻ ነው። «የፖለቲካ ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ መጽሐፉ ስለ ምን እንደ ተጻፈ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደ ተጻፈ አይናገርም፤ አንባቢን እንቅልፍ የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ አጻጻፉ ነው። መጽሐፍ ሻጮች መደርደሪያቸውን በፍቅር፣ በታሪክ፣ በወንጀልና በፖለቲካ ቢከፍሉት ለንግዳቸው ይመቻቸዋል። አንባቢ የገዛ ፍላጎቱን በዚሁ ክፍፍል ሲለካ ግን፣ እርስዎን እንዳጋጠመዎ፣ ሳያነበው የሚቀር መጽሐፍ ይገዛል።

«ኦሮማይ»ን እንውሰድ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት በአሥመራ የነበረውን ሁኔታ የሚተርክ በመሆኑ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ በመሰብሰቡና ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ በመቅረቱ፣ ፖለቲካዊ ዝናው ከመጽሐፉ ቀድሞ ነው ወደ አንባቢ የሚደርሰው። ይህን ዝና ለጊዜው ወደ ጎን ትተው መጽሐፉን ብቻ ቢያስቡት፣ ታሪኩን በ«እኔ» አንደበት የሚነግረን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ራሱ መሆኑን፣ ይህ ሰው እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር እንደሚወድቅ፣ በሚያገለግለው ሥርዓት አንድ ጊዜ እያመነ አንድ ጊዜ እየተጠራጠረ እንደሚጓዝ፣ ምልልሱም አጫጭርና ፈጣን እንደ ሆነ ያስተውላሉ። ሌሊቱን ያስነጋዎት የዘመቻው ፖለቲካ ነው፣ ራሱን የማያምነው ተራኪ ነው፣ የነገሩ ጥድፊያ ነው ወይስ የደራሲው ዐረፍተ ነገር? እርስዎ የመጀመሪያውን ብቻ አይተው ሌሎቹን ሳይጠይቁ አለፏቸው።

ለመለየት የሚበጀው፣ ከእነዚህ ነገሮች አንዱ ቀርቶ ሌላው የሚገኝበትን መጽሐፍ መርጦ ማንበብ ነው። ከዚያው ደራሲ እጅ በ1962 ዓ.ም. የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ለዚህ ይመቻል፤ በእርሱ ውስጥ ዘመቻ የለም፤ የተማረው አዲስ አበቤ አበራ ወርቁ በሚኖረው ኑሮና በሚመኘው ኑሮ መካከል ሲዋልል ነው የምናየው። ይህም ከያዘዎት የወደዱት የበዓሉን እጅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀሪ ሥራዎቹን ስለ ምንነታቸው ሳይጨነቁ ሊያነቧቸው ይችላሉ። ካልያዘዎት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» ይሞክሩ። በሦስት ቅጽ የቀረበና የአብዮቱን ዘመን የሚተርክ በመሆኑ የፖለቲካ ጥማት ያለበትን አንባቢ ያረካል፤ የአንድ ጋዜጠኛ የግል ኑዛዜ ግን አይደለም። እዚያ ላይ ካዛጉ፣ ሲፈልጉ የነበረው ፖለቲካውን ሳይሆን በራሱ ላይ የሚመሰክር ተራኪን እንደ ነበረ መጠርጠር ይገባዎታል። ከገዟቸው መጻሕፍት መካከል በ«እኔ» የሚተረክ አለመኖሩን እስቲ ይመልከቱ፤ እኔ የለም ብዬ እገምታለሁ።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገር ሌላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በአንድ ሽፋን ውስጥ ከአንድ በላይ ልብ ወለድ የያዘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውስጡ የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር አለ፤ ልጅ አልበረክት ያላቸው የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ስለት፣ ያ ስለት የበዛብህን ዕድል አስቀድሞ የወሰነበት ሁኔታ አለ፤ ግብርና መታያ (ለጌታ የሚቀርብ እጅ መንሻ) አንገፍግፎት በፊታውራሪ ላይ የተነሣ ባላገር አለ፤ ከዘመዶቹ ወግ ጋር የተጣላው ካሣ ዳምጤም፣ ማለትም ጉዱ ካሣ፣ አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ በሰብለ ወንጌል ቦታ ራስን ማስቀመጥ ቀላል ነው። ደመወዝ የሚቀበል፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ከአለቃ ጋር የሚከራከር ሰው ግን ዓይኑ ወደ ባላገሩና ወደ ፊታውራሪው ቢሄድ አያስደንቅም። ያኔ ያለቀሱት ልቅሶ ውሸት አልነበረም፤ አሁን የቀረው ልቅሶም የልብ መድረቅ አይደለም። ይልቁንስ በሁለቱ ንባቦች ያልተለወጠ ነገር ካለ እርሱን ይፈልጉ፤ ምክንያቱም ዕድሜ ያልነካው ክፍል ስለ ጣዕምዎ ከሁሉም የበለጠ አስተማማኝ ምስክር ነው። ለምሳሌ ያኔም አሁንም ሳይዘሉ ያነበቡት የሰብለ ወንጌል እናት ወይዘሮ ጥሩ አይነትና ባለቤታቸው ፊታውራሪ የሚነጋገሩበትን ክፍል ከሆነ፣ የእርስዎ ነገር የቤት ውስጥ ንግግር ነው ማለት ነው።

ስለ ጉዱ ካሣ አንድ ነገር ልጨምር። በአጠቃላይ ደራሲው የራሱን ስብከት በገጸ ባሕርይ አፍ ሲያስነግር መታገሥ አልችልም፤ በቅርብ ዓመታት ካነበብኳቸው አዳዲስ ልብ ወለዶች ብዙዎቹን ያስተወኝ ይኸው ነው፤ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ስለ አገር ዕጣ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ሲለዋወጡ መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጣለሁ። የካሣ ንግግርም ረጅም ነው፤ አልፎ አልፎም ይበዛብኛል። ነገር ግን የሚሰሙት ሰዎች እንደ ዕብድ ይቆጥሩታል፤ ንግግሩም ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ ቃሉ ከሰውዬው ኑሮ ተነጥሎ አይንሳፈፍም። እርስዎ ደጋግመው ያነበቡት ክፍል ይህ ከሆነ፣ ከሐሳቡና ከሰውዬው የትኛው እንደ ሳበዎት ቢጠይቁ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ሲገዙ ይጠቅመዎታል።

ወደ «አደፍርስ» ስንመጣ፣ የንባብ አቅም የሚለውን ነገር ብንተወው ይሻላል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው ይህ ሥራ፣ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ እጅዎን ይዞ «ይህ እገሌ ነው፣ የመጣውም ከዚህ ነው» እያለ የሚመራበት አይደለም፤ በምልልስ የተሞላ፣ አንባቢው ተናጋሪውን ከአነጋገሩ እንዲለይ የሚጠብቅ፣ በገጠሩ አነጋገርም የጠገበ ነው። እርስዎ ከወደዷቸው ሁለት መጻሕፍት አንዱ የሚመራ ተራኪ አለው፤ ሌላው በአንድ ሰው ድምፅ የሚነገር ነው። ሁለቱም በሌሉበት መጽሐፍ ውስጥ መንገድ መጥፋቱ ስለ እርስዎ ጣዕም ትክክለኛ መረጃ ይሰጣል፤ ስለ ችሎታዎ ግን ምንም አይናገርም። «ታላቅ ሥራ ነው» ማለትና «ለእኔ ሆነኝ» ማለት የተለያዩ ፍርዶች በመሆናቸው፣ ባልደረቦችዎ የመጀመሪያውን ሲናገሩ እርስዎ ሁለተኛውን በመካድ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ጠብ የለበትም። እንደ ገና መሞከር ከፈለጉ ምልልሱን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ተናጋሪዎቹ በጆሮ ሲሰሙ ከዓይን ይልቅ በግልጽ ይለያሉ።

ከእንግዲህ ሲያነቡ እርሳስ ይያዙ። «ደስ ይላል»፣ «አሰልቺ ነው» የሚሉት ቃላት ከወር በኋላ ምንም አያስታውሱም። የዘለሉትን አንቀጽ፣ ተመልሰው ያነበቡትን ገጽ፣ ሰዓት የተመለከቱበትን ቦታ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉበት። የተዋሱት መጽሐፍ ከሆነ ግን እባክዎ በወረቀት ላይ።

ጥያቄ፦ በዱባይ የምኖር ሠራተኛ ነኝ። ለማንበብ ጊዜ ስለሌለኝ ሥራ እየሠራሁ የመጻሕፍት ትረካ አዳምጣለሁ። ባለፈው ሰሞን በጣም የወደድኩትን ልብ ወለድ መጽሐፉን አስመጥቼ ሳነበው ቀዘቀዘብኝ። ስወደው የነበረው ምኑን ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ምናልባት ተራኪውን ነው፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ትውልድ፣ ዛሬም መጽሐፉን ሲገልጥ የፊታውራሪን ድምፅ በእርሱ ድምፅ ነው የሚሰማው። ጥሩ ተራኪ ደካማውን ምልልስ ያቃናል፤ የተንዛዛውንም አንቀጽ በፍጥነት ያሻግራል። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት፣ ያው ሰው የተረከውን ሌላ መጽሐፍ ያዳምጡ፤ እንደዚያው ከተደሰቱ ትረካ ሲመርጡ አስቀድመው የተራኪውን ስም ይጠይቁ። ማዳመጥ ንባብ አይደለም የሚሉዎትን ብዙም አይስሟቸው፤ ታሪክ በጆሮ መቀበል በአገራችን ከመጽሐፍ የቆየ ነው።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» በስጦታ ሰጠኝ። እርሱ ይህን ደራሲ ያመልካል። እኔ መጀመሪያው ላይ ቆሜያለሁ፤ በየሳምንቱ «የት ደረስሽ?» ይለኛል። ልዋሸው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይዋሹት፤ የሚወዱትን ምዕራፍ ቢጠይቅዎ ይጋለጣሉና። አዳም ነገርን በዝርዝር፣ በትዝታና በጎን መንገድ የሚያስኬድ ደራሲ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ቀጥሎ ምን ሆነ ለሚል አንባቢ ብዙ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ከደራሲው ጋር ለመተዋወቅ በዚህ ወፍራም መጽሐፍ መጀመር ለማንም ከባድ ነው። የአጫጭር ልብ ወለዶቹን ስብስብ «ማህሌት»ን ያግኙና አንዱን ታሪክ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱ። አጻጻፉ ከጣመዎት ወደ ትልቁ ይመለሱ፤ ካልጣመዎት ደግሞ የትኛው ገጽ ላይ እንደ ቆሙና ምን እንዳስቆመዎ ለእጮኛዎ በዝርዝር ይንገሩት፤ ደራሲውን የሚያመልክ ሰው «አልወደድኩትም» ከሚል አጭር መልስ ይልቅ እንዲህ ካለው ክርክር የበለጠ ይደሰታል። ስጦታውን ግን ለሌላ ሰው አያውሱ፤ ወፍራም መጽሐፍ አንዴ ከወጣ አይመለስም።