ከባንኮኒው ኋላ፦ ውሃውን አትናቁት

ዕድሜዬን ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስለጨረስኩ ሰው ሁሉ ስለ አልኮሉ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ዞሬ ዞሬ ስለ በረዶና ስለ ውሃ እመልሳለሁ። በዚህ ወርም ያው ነኝ፣ ታገሡኝ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሼከር ገዝቼ ቤት ውስጥ ዳይኪሪ መሥራት ጀምሬያለሁ። ሩሙ ባር ስገባ የምጠጣው ራሱ ነው፤ ሎሚውም ትኩስ ነው። የእኔው ግን ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ የባሩ ሳይታወቅ ይወርዳል። እንዳይቀጥንብኝ ብዬ በረዶ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የማደርገው። ምን ጎደለኝ?» — እጁ የዛለ

ውሃ ጎደለህ። እንዳይቀጥን ብለህ የሰሰትከው በረዶ ነው ያበላሸብህ።

በረዶ መጠጥ የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ራሱ እየቀለጠ ነው። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 80 ካሎሪ ያህል ሙቀት ከመጠጡ ይወስዳል። የቀለጠው ውሃ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚወስደው 1 ካሎሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይቀልጥ የሚያቀዘቅዝ በረዶ አትጠብቅ፤ የለም። ሁለት ሦስት ፍሬ ስታደርግ ፍሬዎቹ ሟሙተው ያልቃሉ፣ መጠጡ ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። ለብ ያለ አልኮል ደግሞ መጀመሪያ አፍንጫህን፣ ቀጥሎ ጉሮሮህን ያገኝሃል።

አሁን እንዲህ አድርግ። 60 ሚሊ ሊትር ሩም፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ (ስኳርና ውሃ እኩል በእኩል) ለክተህ ጨምር። ድምሩ 105 ነው። ሼከሩን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ከፍሪዘር በወጣ፣ ገና መቅለጥ ባልጀመረ በረዶ ሙላው፣ ክዳኑን ግጠም፣ 12 ሰከንድ ያህል ሳትራራ ነቅንቀው። ብረቱ ላይ ውርጭ ሲያበቅልና ጣትህ አልችልም ሲል በቃው። አጥልለህ እንደገና ለካው፤ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ታገኛለህ። ትርፉ 45 ከየት መጣ? ከበረዶው። ከሎሚው ይበልጣል፣ የሽሮፑን እጥፍ አልፏል፤ የምግብ አሠራሩ ላይ ግን ማንም አይጽፈውም። 40 በመቶ የነበረው ሩምህ ብርጭቆው ውስጥ ወደ 16 በመቶ ወርዷል። ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ አልኮሉና ስኳሩ ስለያዙት አይረጋም። የባሩ ዳይኪሪ ሳይታወቅ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1806 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሐድሰን ውስጥ ይታተም የነበረ ጋዜጣ አንድ አንባቢ «ኮክቴል የምትሉት ምንድነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። አዘጋጁ የመለሰው አራት ነገር ነው፦ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ ቅመም)። ውሃው ያኔም በስሙ ተጠርቷል። (የአንባቢ ጥያቄና መልስ ከኮክቴል ጋር እኩል ማርጀቱ ለእንደኔ ዓይነቱ አምደኛ ትንሽ ኩራት ነው።)

ሁሉንም ግን አትነቅንቅ። ሎሚ፣ እንቁላል ወይም ክሬም ያለበት ይነቀነቃል። ማርቲኒ፣ ማንሃታን፣ ኔግሮኒ፣ ማለትም ጭማቂ የሌለበት ሁሉ፣ በረጅም ማንኪያ ይማሰላል። ስትነቀንቅ አየር ይገባበታል፤ ዳይኪሪን ያሳምረዋል፣ ማርቲኒን ግን ያደፈርሰዋል። ስታማስል የማንኪያው ጀርባ የብርጭቆውን ግድግዳ ሳይለቅ ይዙር፤ በረዶው አብሮ ይዙር እንጂ አይንኳኳ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በዓይን አትቅዳ። ሳይለካ የሚቀዳ ባርማን አይተህ ቀንተህ ይሆናል። እሱ ለዓመታት ለክቶ ለክቶ ነው ዓይኑ የለመደው። ሎሚ በአምስት ሚሊ ሊትር ቢያልፍህ ሌላ መጠጥ ሠርተሃል።

«ውስኪዬ ላይ ውሃ ጠብ ባደረግሁ ቁጥር ዋርሳዬ ‹አበላሸሽው› እያለ ይስቅብኛል። እሱ ሁልጊዜ ጠቆር ያለውን ይመርጣል፤ ‹ቀለሙ ዕድሜውን ይናገራል› ይላል። ስልሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ በምጠጣው መሳቂያ መሆን አልፈልግም።» — ጠብታ ወዳድ

እትዬ፣ ጠብ ያድርጉ፤ እንዲያውም እሱ እያየ ያድርጉ።

ውስኪ ከበርሜል ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል አለው። ጠርሙሱ ላይ 40 ወይም 43 የሚል የሚያነቡት ፋብሪካው ውሃ ጨምሮ ስላወረደው ነው። ዋርሳዎም ከእርስዎ እኩል ውሃ ይጠጣል፤ ልዩነቱ የእሱን ሌላ ሰው አስቀድሞ ጨምሮለታል። ስኮትላንድ ውስጥ ውስኪ የሚቀምሙት ባለሙያዎች ራሳቸው ናሙና ሲያሸቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ አቅጥነው ነው፤ ጠንካራ አልኮል አፍንጫን ያደነዝዛልና።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የስዊድን ኬሚስቶች፣ ቢዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን፣ ነገሩን በኮምፒውተር አስልተው አይተውታል። የተመለከቱት ጓያኮልን ነው፤ ለውስኪ ጭስ ጭስ የሚለውን ጠረን ከሚሰጡት አንዱ ነው። አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ሲሆን ጓያኮሉ ወደ ፈሳሹ ገጽ ይጠጋል፤ ወደ 60 ሲጠጋ ግን ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ገጹ ላይ ያለው ነው ወደ አፍንጫዎ የሚመጣው።

በሻይ ማንኪያ ይጀምሩ። ያሽቱ፣ ይቅመሱ፣ ደግመው ይጨምሩ። ከበርሜሉ እንዳለ የታሸገ፣ 55 እና 60 በመቶ የሚደርስ ውስኪ ከሆነ እጅዎን ፈታ ያድርጉ። በረዶ ሌላ ነገር ነው፤ ምላስን ያደነዝዛል፣ ጠረኑንም ይዘጋዋል። ግን ሲሞቅዎ ደስ ካለዎት ማን ይከለክልዎታል?

ቀለሙን በተመለከተ ዋርሳዎ ተሸውዷል። የብሪታንያ ሕግ ለስኮች፣ ማለትም ለስኮትላንድ ውስኪ፣ ካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቅዳል። ካራሜል ባይገባበትም በርሜሉ ነው የሚወስነው፤ ሼሪ የተያዘበት በርሜል በጥቂት ዓመት ያጠቁረዋል፣ ደጋግሞ ያገለገለ በርሜል ግን ሃያ ዓመት አቆይቶት ፈዛዛ ሊያወጣው ይችላል። የአሜሪካው በርበን በሕግ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ የኦክ በርሜል ውስጥ ስለሚገባ ገና በልጅነቱ ይጠቁራል። ዕድሜ ማወቅ ከፈለጉ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ስኮች ላይ 12 ካለ ከተቀላቀሉት ሁሉ ታናሹ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ቁጥር ከሌለው ቢያንስ 3 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል።

«የማርቲኒ ቨርሙዜ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከጂኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።» — ደረቅ ወዳዱ

ድፋው። ቨርሙዝ ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የገባበት፣ አልኮሉ በመጠኑ ከፍ የተደረገ ወይን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 በመቶ። ጂን ተከፍቶ ዓመታት ይቀመጣል፣ ወይን አይቀመጥም። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይግባና በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይለቅ። ትንሹን ጠርሙስ ግዛ። «ቨርሙዝ አልወድም» የሚለኝ ሰው አብዛኛው የቀመሰው እንዳንተ ዓይነቱን ነው።

«ብቻዬን ባር ገብቼ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ አንድ ጥሩ ኮክቴል መጠጣት እፈልጋለሁ። ግን የመጠጦቹን ስም አላውቅም፤ ደግሞ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ሲያዩ መጥተው የሚለጠፉት ያስመርሩኛል። ባይሆን ጥግ ያለ ጠረጴዛ ልያዝ?» — ጥግ ፈላጊ

ባንኮኒው ላይ ተቀመጪ፣ ልጄ። እዚያ ማየት ሥራው የሆነ ሰው አጠገብሽ አለ፤ ጥጉ ላይ ግን ማንም አያይሽም። ምሽቱ ሳይሟሟቅ ቀደም ብለሽ ግቢ፤ ያኔ ባርማኑ ለወሬ ጊዜ አለው።

ስም ማወቅ የእሱ ሥራ ነው። አንቺ የምትወጂውን አልኮል፣ ጎምዛዛ ይሁን ወይስ መራራ፣ በትንሽ ብርጭቆ ጠንከር ያለ ይሁን ወይስ በረጅሙ ለስለስ ያለ፣ ይህን ንገሪው። «ጣፋጭ እንዳይሆን» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ ከዚያ ግማሹ ሽሮፕ የበዛበትን መርጦ ያመሰግናል። ይልቅ ከዚህ በፊት ጠጥተሽ ደስ ያለሽ አንድ መጠጥ ካለ ጥሪለት። ካልጣመሽ ደግሞ በመጀመሪያው ጉንጭ ተናገሪ፤ ደህና ባርማን አይቀየምም። ግማሹን ጨርሶ የሚመልስ ነው የሚያናድደን።

የሚለጠፉትን በተመለከተ፣ ሳሻ ፔትራስኬ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ሚልክ ኤንድ ሃኒ የሚባል ትንሽ ባር ከፍቶ ነበር። ከደንቦቹ አንዱ ወንድ ራሱን ለማያውቃት ሴት እንዳያስተዋውቅ ይከለክላል፤ ሴቲቱ ከፈለገች ባርማኑን አስተዋውቀኝ ማለት ትችላለች። ያ ባር ዛሬ የለም፣ ደንቡን ግን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ያልተጻፈበት ቤት ከገባሽም ለባርማኑ «ይህ ሰውዬ አስቸገረኝ» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ሒሳብሽን ከፍለሽ ውጪ፣ ዳግም አትመለሺ። ከመቀመጫሽ ስትነሺ ብርጭቆሽን ጨርሰሽ ተነሺ፤ ከዓይንሽ ርቆ የቆየ መጠጥ አትመለሺበት።

ስትገቢ ምን ልዘዝ ካልሽ ሃንኪ ፓንኪ በይ። ጂንና ጣፋጭ ቨርሙዝ እኩል በእኩል፣ ላዩ ላይ ፌርኔት ብራንካ የሚባል መራራ የጣልያን መጠጥ ጠብ ጠብ ይልበታል፤ መራራ ነው፣ ያነቃል። የፈጠረችው ኤዳ ኮልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1903 ለንደን፣ ሳቮይ ሆቴል አሜሪካን ባር ገብታ ከሃያ ዓመት በላይ ባንኮኒውን የመራች ሴት ናት። ቻርልስ ሆትሪ የሚባል የቲያትር ሰው ድካም የሚያስለቅቅ ነገር ስጪኝ ብሏት ነው የቀመመችለት።

«አልኮል ትቻለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ባር መቀመጥ ግን አልተውኩም። የሚያመጡልኝ ሁልጊዜ ሦስት ጭማቂ የተደባለቀበት ጣፋጭ ነገር ነው። ግማሹ ላይ ይሰለቸኛል።» — ንጹሕ ብርጭቆ

ይሰልችህ! ጭማቂ በሦስት ጉንጭ ያልቃል። አልኮል ከስካሩ ሌላ አንድ ሥራ ነበረው፤ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ቀስ ያሰኛል። እሱን ስታወጣ የሚከራከርህ ሌላ ነገር ማስገባት አለብህ፦ መራራ፣ የሚያቃጥል ወይም አፍ የሚያደርቅ።

የእኔ ምርጫ ሻይ ነው። ጠቆር አድርገህ ያፈላኸውን ጥቁር ሻይ አቀዝቅዝና 90 ሚሊ ሊትር፣ 25 ሎሚ፣ ዝንጅብል የተቀቀለበት ሽሮፕ 20፣ በጣት ጫፍ ጨው። በብዙ በረዶ ነቅንቀህ አጥልለው። ሻዩ አፍ ያደርቃል፣ ዝንጅብሉ ያቃጥላል፤ በአንዴ ልትጨልጠው አትችልም። ባር ውስጥ ከሆንክና ይህ ከሌለ ቶኒክ በብዙ ሎሚ እዘዝ፤ ኪኒኑ መራራነቱን ይሰጥሃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ባርማኑ ደግ ሆኖ ሶዳህ ላይ አንጎስቱራ ቢተርስ ጠብ ሊያደርግልህ ይችላል። ዚገርት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 ቬንዙዌላ ውስጥ ለሆድ መድኃኒት ብሎ የቀመመው ነው፤ 44.7 በመቶ አልኮል አለው፣ ከተለመደው ውስኪ ይበልጣል። ሁለት ጠብታ አያሰክርም፤ ግን ጨርሼ ትቻለሁ ላለ ሰው ሳይነገረው መግባት የለበትም። ስታዝዝ «ቢተርስም አይግባ» በል።

«ጋሼ፣ ኤስፕሬሶ ማርቲኒ ነፍሴ ነው። ቤት ስሠራው አረፋው እምቢ ይለኛል። ደግሞስ ቡናው አልኮሉን ያበርደዋል አይደል?» — ንቁው

አረፋው እምቢ ያለህ ቡናው አርጅቶብህ ነው። ኤስፕሬሶው ከማሽኑ እንደወረደ፣ ክሬማው፣ ማለትም ቡናማው አረፋ፣ ላዩ ላይ ሳለ ይግባ። ከጠዋት የተረፈ ቡና አረፋ አይሠራም። ቮድካ 50፣ የቡና ሊኬር (ቡና ቡና የሚል ጣፋጭ አልኮል) 30፣ ሽሮፕ 10፣ አንድ ኤስፕሬሶ፤ ቡናው ትኩስ ስለሆነ በረዶውን ከዳይኪሪው አብልጠህ ጨምርና እንደ ጠላትህ ነቅንቀው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ ዲክ ብራድሴል የፈጠረው መጠጥ ነው።

ቡናው አልኮሉን አያበርደውም። ቮድካው ብቻውን 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው፤ ሰው ከሰው ቢለያይም ጉበት ያንን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ሊኬሩ ሳይቆጠር። ቡናው ጉበትህን አያፈጥነውም፤ እንቅልፉን ብቻ ያባርርና ደህና ነኝ ብለህ የመኪና ቁልፍ ያስነሳሃል። ሰክሮ ያንቀላፋ ሰው ቢያንስ አይነዳም። አንዱን ከእራት በኋላ ጠጣ፤ ሁለተኛውን ካዘዝክ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ስትቆጥር ታድራለህና በማግስቱ ደብዳቤ ጽፈህ እንዳትከሰኝ።