መልስ፦ የልጅነት ፎቶዎችን በአልበም ማቆየት

አብሽሪ እህቴ። ደሴ እናትሽ ቤት ያሉት የልጅነት ፎቶዎች እየደበዘዙ ነው፣ ለልጆቼ በአልበም እንዴት ላቆያቸው ብለሻል። ገጹ ሙጫ ያለው አልበም ውስጥ ከሆኑ አውጪያቸው፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ፎቶ ያበላሻል። አልላቀቅ ያለውን ግን አትጎትቺ። እንዳለ በስልክሽ አንሺው። አዲሱ አልበም ላይ በሙጫ ሳይሆን በማዕዘን መያዣ፣ ማለትም የፎቶውን ጥጎች በሚይዙ ትንንሽ ኪሶች፣ አስቀምጫቸው። የደሴ ክረምት እርጥበት አለውና አልበሙን ከመሬትና ከግድግዳ አርቂው።

ከሁሉም በላይ ግን እናትሽን ጠይቂያቸው። ቡና ሲፈላ ፎቶዎቹን ይዘሽ ቁጭ በይ። ከአቦል እስከ በረካ ስንት ታሪክ ይወጣል! ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብለሽ ጻፊ። ድምፃቸውንም ቅጂ። እኔ አያቴን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ፎቶዋ ላይ ሐይቅ ዳር አጠገቧ የቆመችውን ልጅ ዛሬ ከቤተሰባችን የሚያውቃት የለም።