«አቦ፣ አልሞትኩም እኮ!»

የዛሬው ጥያቄ ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂያችን የ2 ልጆች እናት ናት። አባቷ ምድር ባቡር ውስጥ ፉርጎ ሲጠግኑ የኖሩ የ77 ዓመት ጡረተኛ ናቸው። ክረምቱን ከልጆቿ ጋር የአያታቸውን ታሪክ ልትሰበስብ አሰበች። አልበም፣ የድምፅ ቅጂ፣ ከዚያም እስከ ኤረርና አፍደም አሮጌ ጣቢያዎች ጉዞ። 40 ጥያቄ ጽፋ፣ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጀመረች። «ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ስጠይቀው አቦ፣ አልሞትኩም እኮ! ብሎኝ ተነሣ» ትላለች። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ከሰላምታ በቀር ወሬ የለም። አዳማ ያለው ወንድሟ ደግሞ ደውሎ «አባዬን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?» አላት።

እህቴ፣ ሐሳብሽ ግሩም ነው። የከበዳቸው አጠያየቁ ይመስለኛል። እስቲ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እዪው። ወረቀት ይዘሽ፣ ስልክ ደቅነሽ፣ «መቼ ተወለድክ? መቼ ተቀጠርክ?» ስትዪ ቃል የሚቀበል ፖሊስ ነው የምትመስዪው። በእኛ አገር ደግሞ የሰው የሕይወት ታሪክ ተጽፎ የሚነበበው መቼ ነው? ቀብሩ ላይ! አባትሽ የታያቸው እሱ ነው። ወንድምሽም ሩቅ ስላለ ፈርቶ ነው የተቆጣው፤ አትቀየሚው።

የጎርፉ ጥያቄ ግን ለብቻው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አባትሽ ያን ሌሊት ምን እንዳዩ፣ ማንን እንዳጡ እኔ አላውቅም። ምናልባት አንቺም አታውቂም። ያንን ጥያቄ ከወረቀትሽ ላይ ሰርዢው። «ሰው ካወራው ይወጣለታል» ሲባል እንሰማለን። ሳይፈልግ የተገፋ ሰው ግን ቁስሉ ይነካካል እንጂ አይወጣለትም። ራሳቸው ካነሡት አዳምጪ፤ ዝም ካሉ ዝም በዪ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ወይም ከቃዡ ግን ባለሙያ ቢያያቸው ጥሩ ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? አረጋውያን ስለ ኑሯቸው ሲያወሩ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን አብልጠው ያስታውሳሉ። ያ ለአባትሽ ጉልበታቸው ያለበት፣ ሥራ የለመዱበት ዘመን ነው። የእጅ ባለሙያ ሰው ደግሞ ወሬው ያለው እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሹ ልጅሽ ቆርቆሮና ሽቦ ይዞ ይሂድና «አባባ፣ ፉርጎ መሥራት አሳየኝ» ይበላቸው። እሱ ብቻ። መዶሻው ሲንኳኳ፣ ዓይናቸው ሥራው ላይ ሲሆን፣ «ይሄን ያስተማረኝ እኮ…» ብለው ይጀምራሉ። ከምሳ በኋላ ግን አይሁን፤ በድሬ ሙቀት ማን ቁም ነገር ያወራል? የበርጫ ሰዓታቸው ከሆነማ ጭራሽ አትድረሱባቸው።

ከዚያ በፊት ግን ቡና አፍልተሽ «አባዬ፣ በጥያቄ አጣደፍኩህ፣ ይቅርታ» በያቸው። ማብራሪያ አታብዢ። ቀረጻ ቢመጣም በእሳቸው ፈቃድ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው፣ «ይሄን አጥፊው» ካሉም ይጥፋ። ወንድምሽንም ሥራ ስጪው። እሱ ጋ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ይላክና ስለ አንዱ ራሱ ደውሎ ይጠይቃቸው።

ኤረርና አፍደም ይቆዩ። መጀመሪያ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ሰፈር ያለው አሮጌ ጣቢያ ድረስ በእግር ሂዱ። ከፊት እሳቸው ይምሩ። ሀዲዱ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ተራራው ስላስቸገረ፣ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደርሶ ድሬ ከተማ ሆና እንደተቆረቆረች ለልጆቹ የሚነግሯቸው እሳቸው ይሁኑ። አንቺ ብታውቂውም እንደማታውቂ ሁኚ።

ቆርቆሮውን ግን ዛሬውኑ ፈልጊ። ልጁ እጁን እንዳይቆርጥ አትጨነቂ፤ አያትየው አጠገቡ አሉ።