2,147,483,647 ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ?

ከኮምቦልቻ አንድ የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ይጠይቃል፦ ሰሌዳ ላይ 2,147,483,647 ጽፎ "ይሄ ሙሉ ቁጥር ነው" ቢል አንዱ ተማሪ "ቲቸር በ7 ያለቀ እንዴት ሙሉ ይሆናል፣ ጎዶሎ ነው እንጂ" አለው፣ ክፍሉም ሳቀ። ማናችን ነን ልክ? በግዕዝ ቁጥርስ እንዴት ይጻፋል?

አብሽር ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መጽሐፉ ሙሉ የሚለው ክፍልፋይ የሌለበትን ነው፣ 0፣ 1፣ 2 እያለ የሚሄደውን። መንገድ ላይ ግን ሙሉ ማለት ለሁለት እኩል የሚካፈል ነው፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ መኪና በታርጋ ተራ ሲወጣ ሙሉና ጎዶሎ እየተባለ አልነበር እንዴ።

"የመንገዱ ስህተት ነው፣ ተጋማሽና ኢተጋማሽ በሉ" የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሙሉ ከግዕዙ መልአ፣ ምሉእ ነው፣ ሞላ የምንለውም ከዛው ነው፣ የሞላ ተቃራኒ ደግሞ ጎደለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ጥማዱ ጎድሎበታል፣ መቀናጆ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ሞላለት፣ ሰዉ ቁጥሩንም ያየው እንደዚሁ ነው። ኢተጋማሽ ግን የግዕዝ "ኢ" አማርኛ ቃል ላይ ተለጥፎ፣ ኢሰብአዊ ሲሆን ያምራል ሥሩ ግዕዝ ነዋ፣ ይሄኛው ጆሮ ይኮረኩራል። ደግሞስ የማይገመስ ቁጥር የታለ? ያንተም ቢገመስ 1,073,741,823 ተኩል ይወጣዋል። ያው ፈተና የሚያወጡት እነሱ ናቸውና ክፍል ውስጥ ተጋማሽ በል፣ ምን ይደረግ።

ተማሪህ ሳያውቀው ጥሩ ነገር ነው የተናገረው፣ ይሄ ቁጥር ቃል በቃል ጎዶሎ ነው። 2ን 31 ጊዜ ጽፈህ ብታባዛው 2,147,483,648 ይመጣል፣ ከሱ 1 ሲጎድል ያንተ ቁጥር። ብቸኛ ቁጥርም ነው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፣ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ነው ያረጋገጠው፣ ያለ ካልኩሌተር! ኮምፒውተር አሉታዊውንም ጨምሮ በ32 ቢት፣ ማለት 0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች፣ ሲቆጥር ጣሪያው እሱ ነው፣ ዩቲዩብም በ2014 እ.ኤ.አ. የአንድ ዘፈን ተመልካች ይሄን ሲሻገርበት ቆጣሪውን ማስፋት ነበረበት።

በግዕዝ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ትለዋለህ። ሚሊዮንም ቢሊዮንም የለም፣ መሰላሉ እልፍ ነው፣ ፼፣ ማለት 10,000። የኛ ወሎ ላይ ደግሞ ይሄ ቃል ሁለት ዋጋ አለው፣ ቁርአን የቀራው ለይለተልቀድር ከአልፍ ወር ትበልጣለች ሲል አልፉ 1,000 ነው፣ ቅዳሴ የቆመው ጎረቤቱ እልፍ አእላፋት ሲል 10,000 ነው፣ ሥሩ ግን አንድ፣ ዕብራይስጡም ኤሌፍ ብሎ ከ1,000 አላለፈም። እኔ ብጠየቅ "ሃያ አንድ እልፍ ጊዜ እልፍ" እያሉ ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ባንኩም ሬዲዮውም ቢሊዮን ብሏል፣ አንተም ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ብለህ ቀጥል።